ዘንጉን የሚያዳምጥ እጅ

የመሪው ዘንግ የአብራሪውን እጅ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ገፋው፤ እጁም ተከተለ። ሄሊኮፕተሩ በደቡብ ኮሪያ፣ በጋንግዎን ተራሮች ላይ ዞረ። ለዘገባ ተሳፍሬ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጓንቱን አየሁት፤ ዘንጉ እንዲሰማው የጓንቱን የሁለት ጣቶች ጫፍ በመቀስ ቆርጦታል።

ስሙን አልነገረኝም። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን የኖረው በደን እሳት ላይ ውሃ በመጣል ነው። የዛሬውን የብቃት ፈተና ከወደቀ የደን እሳት በሚበዛበት በዚህ ጸደይ አይበርም። አንጋፋዎቹን በፈተናው የሚጥላቸው አዲሱ፣ በራሱ የሚያበር መሣሪያ ነው። መንገዱን አስልቶ ዘንጉን ወደዚያው ይገፋል፤ እነሱ ግን ጨብጠው ይታገሉታል።

"ካፒቴን፣ አንቀላፉ እንዴ? እጅዎ ላላ" አለች ፈታኟ ፒዮ ኢንሱክ።

"ካጠበቅሁት ዘንጉ የሚለኝን አልሰማም። እንደ ባለቤቴ ነው፤ አንዴ ከተናገረች አትደግምም።"

ከአንድ ሸንተረር አጠገብ ዘንጉ ወደ ታች ውረድ ብሎ ገፋ። እሱ ግን ባለበት ያዘው፤ ሸንተረሩን ካለፍን በኋላ ለቀቀው።

"ታግለውታል" አለች ፈታኟ።

"አልታገልኩትም፤ ቆይ አልኩት። ሸንተረሩን ሳያልፉ ነፋሱ ወደ ታች ይጥላል። እሱ ገና አዲስ ነው፤ አያውቅም።"

ፈታኟ ያለውን እንዳለ ጻፈችው።

በዚያ ጸደይ በአንድ እሳት ላይ ብቻ አርባ አንድ ጊዜ ውሃ ጣለ።