ወደፊት የሸሸችው ልጅ

ሀቢሶ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ የምትባል ሰፈር በገባ በአራተኛው ቀን ሱቁን ጥሎ ሸሽቷል። ይህን ራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው፤ ስለዚህ እኛ ብናወራው ሐሜት አይሆንብንም።

ከሆሳዕና መጥቶ ገና ድካሙ አልወጣለትም ነበር። የአጎቱ ልጅ የስፓዛውን ቁልፍ፣ ማለትም የሰፈሯን ትንሽ ሱቅ ቁልፍ፣ አስረክቦት ዕቃ ሊያመጣ ወጣ። ወዲያው በብረት ፍርግርጉ መስኮት አንዲት አሮጊት ብቅ አሉና ዳቦ ጠየቁ። ሀቢሶ ዳቦውን ሲፈልግ፣ ሲያገኝ፣ ደግሞ ዋጋውን ሲረሳ ብዙ ቆየ። የሴትዮዋ ትዕግሥት አለቀ። ፍርግርጉን በቀለበታቸው እያንኳኩ፣ «ሸሻ! ሸሻ፣ ማይ ፍሬንድ!» አሉት።

ሀቢሶ ዙሉኛ አያውቅም። ጆሮው የሰማው «ሽሽ!» የሚለውን ነው። ስለዚያ አገር በመንገድ ላይ የሰማው ክፉ ወሬ ሁሉ ተሰብስቦ እግሩ ላይ ወረደ። በጓሮ በር ወጥቶ ሁለት መንገድ ከሮጠ በኋላ ዞር ቢል የሚከተለው አንድ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ለጨዋታ። አፍሮ ሲመለስ አሮጊቷ መስኮቱ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

«ፍጠን አልኩህ እንጂ ብራክፓን ከተማ ድረስ ሄደህ ጋግረህ አምጣ አልኩህ?»

«ሸሻ» ለካ በዙሉኛ «ፍጠን» ማለት ነው። ሴትዮዋ ጎጎ ኖምቩላ ይባላሉ፤ ጎጎ በዚያ አገር አያት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጡ በአንድ እጃቸው ዳቦ ይቀበላሉ፣ በሌላው የሮጠበትን አቅጣጫ ያሳዩታል።

ሀቢሶ በልጅነቱ የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን የግራ ተመላላሽ ነበር። ጉልበቱ ከድቶት ጨዋታ ቢያቆምም ኳስ ከልቡ አልወጣም። አንድ ያረጀ የአሰልጣኞች መማሪያ ከመዝሙር ደብተሩ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ አስሮ ያስቀምጣል፤ የማይገባውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለገ ሦስት ጊዜ ጨርሶታል። እሑድ ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ከጸሎት ሲወጣ፣ ሂልብሮው ከሚባል ሰፈር አጠገብ ያለች የአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ የሴቶች ቡድን ሲለማመድ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ እሑድ ዋናው አሰልጣኝ ምላንጌኒ ወደ አጥሩ መጣና፣

«ወንድሜ፣ አንተ ከውጭ ስትጮህ እኔ ከውስጥ ስጮህ ልጆቼ ግራ ገባቸው። ወይ ዝም በል፣ ወይ ግባ» አለው።

ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርባው ላይ «አሲስታንት» የሚል ጃኬት ሰጡት። ሚስቱ ኤርጎጌ ጃኬቱን አገላብጣ አየችው።

«ረዳት ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኔም እኮ እዚህ ሱቅ ውስጥ ረዳት ካጣሁ ቆየሁ» አለችና፣ ጃኬቱን ግን በጥንቃቄ ተኮሰችለት።

የረዳት ሥራ ውሃ ማቅረብ፣ የተጋጨ ቁርጭምጭሚት ማሰር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋች መመልመል ነው። ሌላው መልማይ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይዞራል። ሀቢሶ ግን ባለበት ቦታ ዓይኑን ከፍቶ መጠበቅ ነው የሚያውቀው። ኤፍራታን ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው ያገኛት። ሕዝቡ ሲወጣ ሁሉም ሲገፋ፣ እሷ መዝሙር ደብተሯን አቅፋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። «ይህችማ ተከላካይ ናት» አለ፤ ሆነችም። ኤፍራታ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሜዳው ተቆለፈ፣ ጸሎቱ ስልክ ውስጥ ገባ። ሱቁ ግን ምግብ ስለሚሸጥ ፈቃድ አገኘና ተከፈተ። ሀቢሶ ሰው ተራርቆ እንዲሰለፍ ከመስኮቱ እስከ መንገዱ ድረስ በነጭ ቀለም አሥራ ሁለት ክብ ሣለ። አንድ ጠዋት በመስኮቱ ሲያይ፣ ጭምብል ያደረገች ቀጭን ልጅ ባዶ የወተት ካርቶን በእግሯ እየነዳች በክቦቹና በሰዎቹ መሐል ስትጠማዘዝ ደረሰች። ከመጨረሻው ክብ ተነሥታ እስከ መጀመሪያው፣ ደግሞ ወደ ተራዋ። ማንንም አልነካችም። መንግሥት ያወጣውን ርቀት እንኳ አላፈረሰችም።

ሀቢሶ የያዘውን ስኳር መስፈሪያ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ አፈሰሰው።

የጎጎ ኖምቩላ የልጅ ልጅ ታንዲ ነበረች። አያቷ በኮሮናው ምክንያት ከቤት ስለማይወጡ በየቀኑ «ሸሻ፣ ታንዲ!» እያሉ ነው ወደ ሱቅ የሚልኳት፤ ዳቦው ሳይደርስ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ።

ሀቢሶ ያን ሌሊት ጸለየበት። በማግስቱ ከአያቷ በር ቆመ።

«ጎጎ፣ ታንዲን ለኮሌጁ ይስጡኝ።»

«ለኳስ?»

«ለትምህርት። ኳሱ በሩን ይከፍትላታል፤ ቦታው ነጻ ነው፣ ክፍያ የለበትም።»

«ማልልኝ።»

«መሐላስ አልምልም ጎጎ። እኔ አዎን ካልኩ አዎን ነው።»

ጎጎ አመኑት። ታንዲ የተማሪ ቡድኑ ልምምድ እንደገና ሲጀመር ከቡድኑ ገባች፤ ምዝገባዋ ለአዲሱ ዓመት ነበር። ብራክፓን ካለ ሱፐርማርኬት የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ ስታገኝም፣ አያቷ «ልጄ ኮሌጅ ገቢ ናት» ብለው መለሱት። የማኅበራቸው እናቶች ሁሉ ሰሙ።

በፈረንጆቹ 2021 መጋቢት መግቢያ ላይ ግን የኮሌጁ ዳይሬክተር አሰልጣኞቹን ጠራቻቸው። ወረርሽኙ ኮሌጁን ጎድቶታል፤ ነጻ ቦታ የቀረው አንድ ብቻ ነው። «ቅዳሜ ግጥሚያችሁን ራሴ መጥቼ አያለሁ። ልጅቷ ካሳመነችኝ ቦታው የእሷ ነው። ካላሳመነችኝ ዘንድሮ ለማንም አልሰጥም» አለች።

ሀቢሶ ለኤርጎጌ ሲነግራት ራሷን ያዘች።

«ቃል የሰጠኸው አንተ፣ እግር የምታነሳው እሷ! አንተ ሰውዬ፣ 'እግዚአብሔር ቢፈቅድ' የምትለውን የት ረሳሃት?»

«ረሳኋት» አለ። እውነቱን ነበር፤ እሱንም ከሁሉ በላይ የቆረቆረው ይኸው ነው።

ቅዳሜ ተመልካች አይገባም ስለተባለ ሜዳው ጭር ብሏል። ዳይሬክተሯ ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጭምብሏ ከዓይኗ በስተቀር ምንም አያሳይም፣ ዓይኗም ምንም አይናገርም። ታንዲ ፈርታለች። ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ትሰጣለች፣ ሳይመጣ ሲቀር ደስ ይላታል። ሰባ ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ አለፈ፤ ሰማንያም አለፈ። ሀቢሶ ሣሩን ነጭቶ ነጭቶ ጨረሰው።

በሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ተጋጣሚዎቹ በግራ ሰብረው ገቡ። ኤፍራታ ወደፊት ወጥታ ነበር፤ ከኋላዋ ሜዳው ባዶ ነው። ሀቢሶ ለወትሮው በእንግሊዝኛ ነው የሚያሰለጥነው። ሰው ሲደነግጥ ግን የሚጮኸው በገዛ ቋንቋው ነው።

«ሽሺ! ኤፍራታ፣ ሽሺ!»

በጭምብል ውስጥ የሚያልፍ ቃል ጫፉ ይሸረፋል። ኤፍራታ አማርኛ ስለምትሰማ ወደኋላ በረረች። መሐል ሜዳ ላይ የቆመችው ታንዲ ግን የሰማችው ሌላ ነው፤ በየጠዋቱ ወደ ዳቦ የላካትን ቃል ነው የሰማችው። ሸሻ! እግሯ እሷን ሳያማክር ተነሣ።

ኤፍራታ በሸሸችበት ቦታ ኳሱ እግሯ ሥር መጣላት። ቀና ስትል ታንዲ ብቻዋን ወደፊት ትሮጣለች። ለጋችላት። ታንዲ ኳሱ ሲመታ ከመሐል መስመር ወዲህ ስለነበረች ከጨዋታ ውጭ ናት ብሎ ባንዲራ የሚያነሣባት አልነበረም። አንዷን ተከላካይ በቀኝ፣ ሁለተኛዋን በግራ፣ በረኛዋንም እንደ ሱቁ ሰልፍ ሳትነካ አለፈቻት፤ ኳሱንም ባዶ ግብ ውስጥ አስቀመጠችው።

ፊሽካው ሲነፋ ዳይሬክተሯ ወደ አሰልጣኞቹ መጣች።

«በአንድ ቃል አንዷ ወደኋላ፣ አንዷ ወደፊት! ያ ምን የሚሉት ስልት ነው?»

«ለወራት የሠራንበት ነው» አለ ምላንጌኒ ሳያመነታ።

ሀቢሶ አሳለ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሲያስል የሚሆነው ይታወቃል፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት እርምጃ ሸሹ። እሱም ባገኘው ክፍተት ልቡን አጽንቶ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ስልት አይደለም። ለአንዷ ወደኋላ ሽሺ ነው ያልኳት። ለታንዲ ምንም አላልኳትም። እሷ ቃሉን በዙሉኛ ሰማችው።»

ምላንጌኒ ዓይኑን ጨፈነ። ዳይሬክተሯ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጭምብሉ የደበቀው ሳቅ በዚያ በኩል ወጣ።

«እኔ የመጣሁት የአንተን አፍ ለማየት አይደለም፤ የልጅቷን እግር አይቻለሁ» አለች። የነጻ ትምህርቱን ወረቀት እዚያው ወንበሩ ላይ ፈረመችው።

«አንተ ሰው፣ አንድ ቀን በእውነትህ ታስጨርሰናለህ» አለው ምላንጌኒ፣ ዕቃ ሲሸክፉ።

ሀቢሶና ታንዲ በታክሲ ጻካኔ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ታንዲ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከኋላው ቆመች። ሀቢሶ የጎጎን የብረት በር በቁልፉ አንኳኳ።

«ሸሻ፣ ጎጎ! ሸሻ!»

«ምነው ማይ ፍሬንድ? ዛሬ ደግሞ ማን አባረረህ?»

ወረቀቱን በበሩ ክፍተት አሳያቸው። ጎጎ ፊርማውን አዩ፣ የልጅ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ፊርማውን አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን ሊያመጡ ወደ ቤት ዞሩ፤ ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ።

«እኔ ላንብብልዎት» አለ ሀቢሶ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ለዳቦ አስጠብቀኸኛል» አሉ ከውስጥ ሆነው። «አንተም አንድ ቀን ጠብቅ።»

ሀቢሶ ጃኬቱን አስተካክሎ በሩ ላይ ቆመ። ተመስገን እያለ፣ ሳይቸኩል ጠበቀ።