መነጽሩን ያስተካከለው ሰውዬ

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የዓስር አዛን ገና ማለቁ ነው። በምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ከቬንቲሌተሩ ሥር ተቀምጬ የመርከብ ሰነድ እጽፍ ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው በስሜ ጠራኝ። ድምፁ ትሁት ነበር። ለአጭር ጥያቄ ነው፣ ቦርሳሽን እዚሁ ተይው አለኝ። ተውኩት። የጽሕፈት መኪናውን ግን ሽፋኑን አልብሼ ነው የወጣሁት፤ የአሰብ አየር ብረት ይበላል።

ጥያቄው በእርግጥም አጭር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አክስቴ ቤት ፊልም ታይቶ ነበር። ካሴቱን ለባሏ የተወለት አንድ መርከበኛ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከሰፈሩም ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ተርጉሚልን አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ተማሪ ሳለሁ መልሱን እያወቅኩ እንኳ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ፣ በጠርዙ በኩል እያየሁ ተረጎምኩላቸው። በድንበሩ ላይ ጠብ ከተነሳ ወዲህ ሰው መሰብሰቡ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ አንድ ሰው ሄዶ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ስለ ባለሥልጣናት ክፋት የምታስተምር ሴት አለች ብሎ ተናገረ።

«እነዚያ ባለሥልጣናት የማን ናቸው?» አለኝ ጠያቂዬ።

«የሌላ አገር ናቸው። የድሮ ናቸው።»

«አንቺስ የማን አደረግሻቸው?»

እንደተናገሩት ነው የተረጎምኩት አልኩት። ድምፄ ስላልተሰማው ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ ሳይቆጣ ብዕሩን አስቀመጠና ውሰዷት አለ።

የወሰዱኝ ከወደቡ አጠገብ ወዳለ የድሮ መጋዘን ነው። ጣሪያው ላሜራ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ቀድሞ እህል ይከማችበት ስለነበር ግድግዳው እንደ አሮጌ ጆንያ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት የባሕሩ ድምፅ ይገባል፤ ንፋሱ ግን አይገባም። ጥግ ላይ የውሃ በርሜል ቆሟል። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ብቻ በሩ አጠገብ ተኝታለች።

ቦታ የለቀቀችልኝ ሐጃ ነበረች። ሁሉም ሐጃ ይሏታል፤ ከወሎ በልጅነቷ መጥታ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ትልቅ ሴት ናት። ከጎኗ ያለችው ወደቡ በር ላይ ሻሂ ቤት የነበራት ናት። ትግርኛ ተናጋሪ ነች፤ አማርኛዋም ከእኔ ይፈጥናል። ሌሎቹ ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። በሩ አጠገብ የተኛችው በይሉል ከሚባለው የባሕር ዳር መንደር የመጣች ልጅ ናት። አፋር ናት፤ ወንድሟ በጀልባ ወደ ማዶ ተሻግሮ ሳይመለስ ስለቀረ እሷን ይዘዋት መጡ። ወባ ይዟት ትንቀጠቀጥ ነበር።

እንደ ተቀመጥኩ ሐጃ ዝቅ ባለ ድምፅ የዕለቱን ነገር ነገረችኝ። ለክፍሉ በቀን የሚሞላው አንድ በርሜል ነው። በዚያን ቀን ጠዋት የበይሉሏ ልጅ ትኩሳቱ ሲያቃጥላት ተነስታ ውሃውን በራሷ ላይ ስታፈስ ጠባቂዋ አየቻት። ኃላፊው መጣ። ውሃ ማባከን ያስቀጣል፣ አንዷ ነገ ጠዋት ኮንቴይነር ትገባለች፣ ማን እንደምትገባ ግን እናንተው ወስኑ፣ እኔ ማንንም አልበድልም ብሎ ሄደ። ኮንቴይነሩ ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ነው። ጤነኛ ገብቶበት እንኳ ሰው ደግፎት ነው የሚወጣው።

«እና ወሰናችሁ?» አልኳት።

«ያፈሰሰችው እሷ ናት» አለች ሐጃ። ወደ በሩ አላየችም። «ሐቁ ይኸው ነው ልጄ። አንቺም ነገ ዝም በይ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም።»

ልጅቷ ኃላፊው ሲናገር ራሷን አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ሲተነፍስ፣ የሻሂ ቤቷ ሴትዮ በምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። በፊልም ነው አልኳት። ሳቀች።

«በፊልም? እኛ እኮ ቢያንስ የሆነ ነገር ሠርተናል ተብለን ነው። በይ ንገሪን ጓለይ፣ ልጄ፣ ለእስር የሚበቃ ፊልም መሆኑን እኛው እንፍረድ።»

«መናገር አልችልም።»

«መጋረጃ የለንም እንጂ እንጋርድልሽ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ወደ ግድግዳው ዞርኩና ጀመርኩ።

አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ አልኳቸው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በሳህን ፍራፍሬ። ንጹሕ የለበሱ ባለሥልጣናት ተቀምጠዋል፤ እርስ በርሳቸው ወንበር እየሳቡ ይከባበራሉ። ሰብሳቢው ብርቱካን ይልጣል፣ ልጣጩ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ። የሚነጋገሩት የአንድ አውራጃ ሕዝብ ስለማዛወር ነው። ስንት ፉርጎ ይበቃል፣ የትኛው ድልድይ ይሸከማል፣ ኖራው በማን በጀት ይገዛል።

«ተኩስ የለውም?» አለች ሐጃ።

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑ ፊልም ሆነ?»

«ቆይ ሐጃ» አለች የሻሂ ቤቷ። «ወዴት ነው የሚያዛውሯቸው?»

«የትም።»

ሐጃ የሙስበሐዋን ጨሌ መቁጠር አቆመች። እኔ ቀጠልኩ። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከዚያ አዳራሽ አይወጣም፤ ግድያ የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ልጣጩን ሳይበጥስ ጨርሶ ሳህኑ ላይ አኖረውና፣ ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ መሐንዲስ ተቀምጧል። ስብሰባውን ሙሉ ላብ ሲያጠምቀው የነበረ ሰው ነው። እጁን አነሳ። እጁ ጆሮው ድረስ ደረሰ። ሁሉም ዞረው አዩት። ያን ጊዜ መነጽሩን አስተካከለና እጁን መለሰ። ሰብሳቢውም ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ አለ፤ ምሳ ቀረበ።

«መነጽሩን?» አለች የሻሂ ቤቷ።

«አዎ።»

«ተንሸራቶ ነበር?»

«አልነበረም።»

ከውጭ የመርከብ ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ ከበሩ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። የበይሉሏ ልጅ ነቅታ ሰምታ ኖሯል። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ሰዎቹስ? የሚዛወሩት? አወቁ?» አለች።

«አላወቁም» አልኳት። «ቤታቸው ነበሩ።»

«ለምን ሰው አልነገራቸውም?»

ሴቶቹ ለኢሻ ሶላት ተነሱ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው እሷን ብቻ ይመስለኛል።

አሁን የምኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ አስተማሪ ሆኛለሁ። የመረጥኩትን ሥራ ሲሰሙ የሚያውቁኝ ይስቃሉ። ፊልሙን ዳግመኛ አላየሁትም፣ ተዋንያኑንም ረስቻለሁ። ግን ክፍል ገብቼ ስጠይቅ ቀድሜ የማየው ቀጥ ብለው የወጡትን እጆች አይደለም። እስከ ጆሮ ደርሰው ፀጉር ወደ ማከክ የሚዞሩትን እፈልጋለሁ፤ እነሱን ስጠራ አንዳንዴ ድምፃቸው እንደ ድሮው ድምፄ ነው፣ አስደግማቸዋለሁ። የበይሉሏ ልጅ ተፈትታ ዒድ ከተማ ውስጥ አግብታ ዓሣ ትነግዳለች ብሎ አንድ ሾፌር ከዓመታት በኋላ ነግሮኛል። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም። እውነት ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ያኔ በመጋዘኑ፣ በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ኃላፊው ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ጠባቂዋ ወንበር አስገባችለት፣ ግን አልተቀመጠም። «አሰላሙ ዓለይኩም እናቶቼ፣ እንዴት አደራችሁ?» አለ። መለስንለት።

«ወሰናችሁ?»

ሐጃ መሬት መሬቱን ታያለች። ኃላፊው በሩ አጠገብ የተኛችውን ልጅ አየ፣ ከዚያ እኛን።

«እሷ ናት ማለት ነው። ጥሩ።» ወደ ጠባቂዋ መዞር ጀምሯል። «ለደንቡ ያህል፣ ተቃውሞ ያላት እጇን ታውጣ።»

ቃሉ ያው ነበር። ፊልሙን አይቶ ያለው አልመሰለኝም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰዎች የሚሉት ነገር ያው ሆኖ ነው።

እጄ ሲነሳ አየሁት። እኔ ያነሳሁት አልመሰለኝም። ጆሮዬ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ኃላፊው ዞረ። ሴቶቹ ሁሉ እጄን ያያሉ፤ የሻሂ ቤቷ አፏን ከፍታ ነበር። ሻሼን ላስተካክል እችል ነበር። ጣቶቼ ጨርቁን ነክተውታል።

ሻሼ ግን አልተዛነፈም ነበር።

እጄን ከፍ አደረግኩት።

«አንቺ ትናንት የመጣሽው አይደለሽም?» አለ ኃላፊው።

«ነኝ። እቃወማለሁ።»

«አልሰማሁሽም።»

«እቃወማለሁ» አልኩ። ይህን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ታማለች። እዚያ ከገባች አትወጣም።»

«ታዲያ ማን ይግባ? አንቺ ትገቢያለሽ?»

እገባለሁ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ያልነበረኝን ነበረኝ አልልም። «እኔ ማንንም አልመርጥም» አልኩት።

እጄን ግን አላወረድኩም። ክንዴ ከብዶኝ ነበር። ከጎኔ ልብስ ተንኮሻኮሸ። የሻሂ ቤቷ ሴትዮ እጇን እስከ መጨረሻው ዘርግታ አወጣች።

«አንድ እጅ ብቻውን ተንጠልጥሎ ሲታይ ያስጠላል» አለች ለማንም ሳትል።

እህትማማቾቹ ተከተሉ። መጨረሻ ላይ ሐጃ ቀና አለች። የእሷ እጅ ሲወጣ ሙስበሐው ከጣቶቿ መሃል ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

ኃላፊው ሁላችንንም አየን። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን የተቸገረ ሰው መሰለ። በተለማመደው መንገድ ላይ ያላሰበው ድንጋይ እንዳገኘ። «እንግዲያው ዛሬ በርሜሉ አይሞላም» አለ። «ቅጣቱን ሁላችሁም ተካፈሉት።» ወንበሩን ጠባቂዋ ይዛ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ኮንቴይነሩ ያን ቀን ባዶውን ዋለ።

እጃችንን ማውረድ የረሳን ይመስለኛል። የበይሉሏ ልጅ በበሩ ድምፅ ነቅታ አየችን። «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ፊልሙን እየጨረስን ነው» አለቻት የሻሂ ቤቷ። «ትናንት አላለቀም ነበር።»

ሐጃ ተነስታ በርሜሉን አዘነበለች። ከትናንት የተረፈው ትንሽ ነበር። በቆርቆሮ ኩባያ እየለካች ለእያንዳንዳችን ቀዳች፤ የመጀመሪያውን ራሷ ወደ በሩ ወሰደችውና የልጅቷን አንገት ደግፋ አጠጣቻት። የእኔ ድርሻ ሲደርሰኝ ግማሹን ጠጣሁ። ሻሼን ፈታሁና በቀረው ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ግንባሯ ላይ አደረግኩላት።