ውሃ ልኩና በርጩማው

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። በየሰው ደጅ ቆሞ ትንንሽ ቁጥር ከማየት ብዛት ትልቁን ነገር ማየት ተወ፣ ትላለች ሚስቱ። ሰፈርተኛው ስሙን ረስቶ «ሚሊ» ይለዋል። በር ቢጠብ፣ ጠረጴዛ ቢነቃነቅ፣ የሰው አፍንጫ ወደ ጎን ዘንበል ቢል እንኳ «አንድ ሚሊ ናት እኮ» ስለሚል ነው።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር ቶርኖ ገዛ። ሁለት ሰው የሚያነሳት፣ ርካሽ፣ ብረት የምትቀርጽ ትንሽ ማሽን ናት። ከሳጥኗ ወጥታ የመጀመሪያውን ብረት ስትነካ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርሷ ተንገጫገጨ። ጎረቤቱ አናጢው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አዳመጠና፣

«ጋሼ ሚሊ፣ ይቺ ማሽን ብረት ትቆርጣለች ወይስ ታስፈራራለች?» አለ።

ሚሊ አልተቀየመም። ፈታት። የሻከረውን እየፋቀ አለሰለሰ፣ ኩሽኔታዋን ለወጠ፣ የላስቲኩን ማርሽ በነሐስ ተካ። እንዲህ ሲል ዓመቱ አለቀ፤ ማሽኗ ከሠራችው የተሠራችው በለጠ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይህን ሁሉ እያየች፣

«የኔ ጉልበት ሁለት ዓመት ሲንቋቋ ሰምተህ አንድ ጠብታ ዘይት አላደረግክበትም!» ትለዋለች።

ሁለቱም የሚሠሩት በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ወለሉ አሮጌ ጣውላ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ቶርኖዋ በወዲያኛው ግድግዳ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስትዞር የብረቱ ፍቅፋቂ ወርቅ እየመሰለ ይጠቀለላል፤ የጨርቁ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ለመውረድ ሳይቸኩል ይንሳፈፋል። እሷ ቁልፍ የምትተክልበት ወይም ጠርዝ የምታጥፍበት ጊዜ ሲሆን በርጩማዋን ወደ ቶርኖዋ ጫፍ ትጎትትና ሌሊት ያየችውን ሕልም ትነግረዋለች። የእሷ ሕልም አጭር ሆኖ አያውቅም። እሱ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ሞተሩ ይወስደዋል፤ ከዚያ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ቶርኖዋን በመጨረሻ ያስተካከላትም በእንዲህ ያለ ቀን ነበር። ከመንገድ ቀያሹ ወዳጁ ጥሩ ውሃ ልክ ተዋሰ። በማሽኗ ጀርባ ላይ አስቀምጦ፣ ውስጡ ያለችው አረፋ መሐል ላይ እስክትቆም ድረስ ከእግሮቿ ሥር ስስ ቆርቆሮ ሲያስገባ ሲያወጣ ዋለ። እሷ አጠገቡ ቁልፍ እየተከለች፣ ክፍሉ የማያልቅ ቤት ውስጥ ስትዞር እንዳደረች ትነግረው ነበር። አረፋዋ ቆመች። ውሃ ልኩን መለሰ። ከዚያ ወዲህ ማሽኗ የቀረጸችው ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሆነ።

ታዲያ የማይቀር ነገር አለና፣ የስፌት መኪናዋ ዋናው ዘንግ ተበላና ሥራ አቆመች። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ መለዋወጫ የሚባል የለም። ሚስቱ ጨርቅ አለበሰቻትና ክፍሉን ዘግታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ መንገዱን እያየች፣ ዝም ብላ መቀመጥ ሆነ ሥራዋ። ደንበኛ ሲመጣ «ነገ» ትላለች። ነገ ሲመጣም «ነገ»።

ሹፌሩ አማቻቸው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ።

«አባባ፣ ቶርኖዋን የሚፈልግ ሰው አግኝቻለሁ። ይሸጡለትና እማማ አዲስ የስፌት መኪና ይግዙ። ቅዳሜ ይምጣ?»

«ዘንጉን እኔው እቀርጸዋለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ይውሰዳት» አለ ሚሊ። 

ማክሰኞ ቀረጸ። የዘንጉ አንድ ጫፍ ከሌላው ቀጠነ። በፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ነው፤ ግን የስፌት መኪና በፀጉር ታኮርፋለች። መቁረጫውን ሳለ፣ እንደገና ቀረጸ። ቀጠነ። ሐሙስ ሌላ ብረት፣ ያው ቅጥነት። ክፍሉ ውስጥ ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም የለም። ማሽኗ እንግዳ ሰው የምታይ ይመስል፣ ዓመት ሙሉ ያወቃትን እጁን አላውቅም አለችው።

ዓርብ ከሰዓት ውሃ ልኩን እንደገና ተውሶ መጣ። ጀርባዋ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ ወደ ጎን ተንሸራታ ቆመች።

«ወለሉ ሰምጧል ማለት ነው» አለ ለራሱ፤ ቆርቆሮና መቀስ አነሳ። ሦስት ስስ ቁራጭ ቆርጦ ሊያስገባ ጎንበስ ሲል በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ገባች፣ እንደ ድሮዋ በርጩማዋን ጎትታ ዘፍ አለች።

«ስማ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ያየሁትን ሕልም ለማን ልናገር? ለመንገዱ?»

እሱ እንደጎነበሰ ቀረ። ዓይኑ አረፋዋ ላይ ነበር። እንደነቃ ሰው ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፣ መጥታ መሐል ላይ ቆመች።

«ተነሺ» አለ።

«ገና ሳልቀመጥ?»

«እባክሽ ተነሺ።»

ተነሣች። አረፋዋ ሄደች።

«ተቀመጪ።»

«ሰውዬው አበደ!» ተቀመጠች። አረፋዋ መጣች።

ሚሊ ከወገቡ ቀና አለ። «አንቺ ነሽ» አላት። «ያን ጊዜ ሳስተካክላት እዚሁ ተቀምጠሽ ነበር። ጣውላው... እንግዲህ ክብደትሽን...»

«ክብደቴን ምን?»

ሦስቱን የቆርቆሮ ቁራጮች ኪሱ ከተተ። 

«ሳላውቅ አብሬ ለክቼዋለሁ።»

«ወፍራም ነሽ ለማለት ነው ይህን ሁሉ ብረት የፈጀኸው?» አለችና በሳቅ ፈረሰች። በርጩማው ተንገጫገጨ፣ አረፋዋም አብራት ጨፈረች።

የመጨረሻዋን ብረት ቶርኖዋ ላይ አሰረ። እሷ ሕልሟን ከመጀመሪያው ቀን ጀመረች፤ አሁንም ያ የማያልቅ ቤት ነው፣ ግን በዚህ ሳምንት ክፍሎቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። በየክፍሉ እየገባች ትጣራለች፣ የሚመልስላት ሞተር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሕልም ላይ «እግሬ ደነዘዘ» አለች። «ትንሽ ታገሺኝ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ» አላት። ፍቅፋቂው እንደ ልጅ ፀጉር እየተጠቀለለ ወረደ። ሲለካው ሁለቱም ጫፍ እኩል ነበር። ደግሞ ለካ። እኩል።

ቅዳሜ ገዢው ከአማቻቸው ጋር ሲመጣ ከጓሮ ክፍል የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰውዬው ይቅርታ ተጠይቆ ሄደ። አማቻቸው ነገሩን ሲሰማ ራሱን አከከ።

«ታዲያ ጆንያ ሙሉ አሸዋ በርጩማው ላይ ያስቀምጡ አባባ። እማማም ነፃ ይወጣሉ።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ፣ «እኔን በጆንያ?» አለች። 

ሦስቱ የቆርቆሮ ቁራጮች ሚሊ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ቢያስገባቸው፣ እሷ ኖረች አልኖረች ማሽኗ በግማሽ ሰዓት ትስተካከላለች፤ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አውጥቶ አያቸውና የእሷ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ጣላቸው። እሷ ገበያ ስትወጣ አሁን ልክ የሚጠይቅ ሥራ አይጀምርም። ፍቅፋቂውን ይጠርጋል፣ ማሽኗን ዘይት ይቀባል። በርጩማውን ግን ካለበት አያነሳውም።