ለእንግዳ የተለቀለቀ ግድግዳ

ገና የአዳራሹን በር ሳልገፋው የኖራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቅርስ ባለሙያው ሊመጣ የቀረው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። እሱ አይቶ “ይህ ቤት ነባር ነው” ብሎ ካልመሰከረ የቡታጅራው አዳራሻችን ሊፈርስ፣ በቦታውም ፎቅ ሊቆም ነው።

ወደ መድረኩ ጀርባ ሮጥኩ። የኋላው ግድግዳ ነጭ ሆኗል፣ ድፍን ነጭ።

አዳራሹን የሠራው የከተማው ሰው ነው ይባላል። እስላም ክርስቲያን ሳይል እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ። ይህን የሚል ወረቀት ግን የትም የለም። በንጉሡ ጊዜ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ነበር፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ተደረገበት፣ መሠረተ ትምህርት ተሰጠበት፤ ቀጥሎ የእህል መጋዘን ሆነ። በመጨረሻ ለእኛ ለአማተር ተዋንያን ደረሰን። እኔ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ የቲያትር ክበቡን አብሮኝ ያቋቋመው መምህር ኋላ ባሌ ሆነ። በየትርኢቱ ማግሥት ከሰል ያነሳና የዕለቱን ሁኔታ በአንድ መስመር ግድግዳው ላይ ይጽፍ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የክበቡ ልጆች ቀጠሉበት። ሦስቱ ግድግዳዎች በብሎኬት ሲተኩ ያ የኋላው ብቻ ከነጭቃው ቀረ። ለባለሙያው ላሳየው ያሰብኩት እሱን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዳራሹም ይበልጥ የምሳሳው ለዚያ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ባልዲያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። የዚሁ አገር፣ የመስቃን ሴት ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በኖራ ነጥቷል።

“አማረ አይደል ቲቸር? ከሱብሒ ሶላት ጀምሬ ነው።”

“ማን ቀቢ አለሽ?” አልኳቸው። በስንት ዓመት ትውውቃችን አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።

ፈገግታቸው ጠፋ። “አንቺ ነሻ! ትናንት ‘እንግዳ ይመጣል፣ አዳራሹን ያዘጋጁልኝ’ አላልሽም?”

ብያለሁ። ጠረግ ጠረግ አድርገው ወንበር እንዲደረድሩ ነበር ሐሳቤ። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖሬ፣ እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት ማዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ ጠፋኝ! ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሊገባ ሲል እዚህ አገር ግድግዳው የማይለቀለቅ፣ የማይቀባ ቤት የለም። ሴትዮዋ ያደረጉት ያልኳቸውን ነው።

“ጽሑፉንስ አላዩትም?”

“አይቼዋለሁ። የልጆች ሙጭርጭር መስሎኝ… ወላሂ፣ እኔ ፊደል የት አውቅና?”

አፈርኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ባለሙያው ከባጃጅ ወረደ። ወጣት ነው። ኖራውን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አየው። “ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው ቅርስ ሊያስመዘግብ ቀለም ይቀባል?” አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

“ጊዜ ቢኖረን ኖራው በጥንቃቄ ተነስቶ ጽሑፉ ሊገኝ ይችል ነበር” አለ። “ግን ሪፖርቱን ነገ ካላስገባሁ ማፍረሱ ይጀመራል። አሁን ማድረግ የምችለው ግድግዳውን ፍቄ ከሥሩ ያለው የቤቱን ዕድሜ ይመሰክር እንደሆነ ማየት ነው። የተፋቀው ደግሞ አይመለስም።”

“ታች በኩል ቢፋቅስ?”

“ታቹ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ የላዩን ዝናብ በልቶታል። የቀረው ይሄ ነው።” በደረቱ ትክክል ያለውን ቦታ አሳየኝ። ባሌም የሚጽፈው በደረቱ ትክክል ነበር።

ባለሙያው ከቦርሳው ያወጣውን ቢላ ይዞ ይጠብቀኛል። ሰዓቱን አየ፤ መልሶ እኔን አየ። አዳራሹ ከፈረሰ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል፤ ይህን አውቃለሁ። አፌ ግን እንቢ አለኝ። የክበቡ ልጆች በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌላ መለማመጃ ቦታ የላቸውም።

“ይፋቁት” አልኩ።

ዓይኔን ብጨፍንም ድምፁ አልቀረልኝም። ስገልጥ ጥቁር ብናኝ ጫማው ላይ ረግፏል። ከኖራው ሥር ሰማያዊ ወጣ፤ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፤ ከዚያ የመፈክሩ ዘመን ቀይ፤ ከዚያ ኖራ፣ አሁንም ኖራ፤ በመጨረሻ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ።

“ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ቀቡት?” አለ ለራሱ።

ሴትዮዋ ከጥግ ሆነው መለሱለት። “እንግዳ ይመጣል እየተባለ ነዋ! አገረ ገዢ ሊመጣ ነው ሲባል ይቀባል፣ ካድሬ ሊመጣ ነው ሲባል ይቀባል። አባቴም ቀብቶታል።”

ባለሙያው ሳቀ። የተናገሩትን አንድ ሳያስቀር ጻፈው፤ ግድግዳውን ደጋግሞ ፎቶ አነሳው። አዳራሹ እንዳይፈርስ የሚለው ደብዳቤ ኋላ መጣ፤ ዛሬም እየተለማመድንበት ነው። የዚያን ዕለት ግን እሱ ሲወጣ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ። ብናኙን አልነኩትም።

“ቲቸር፣ ምን ይል ነበር?”

የመጀመሪያውን መስመር በቃሌ አልኩላቸው። “ከባድ ዝናብ ጣለ። ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሞ አየ።”

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና አጠገቤ ተቀመጡ።

“ያኔ እዚህ ሥራ አልጀመርኩም” አሉ። “ሻሼ በዝናብ በስብሶ፣ በሩ ጋ ቆሜ ነው ያየሁት። እስኪያልቅ አልተቀመጥኩም።”

“እንግዲያው ስለ እርስዎ ነበር የተጻፈው” አልኳቸው።