ጣሪያ ላይ ያለው ባሕራችን

ዓረብ አገር፣ ጉበይራ ሰፈር ባለው ክፍላችን ውስጥ ተጋድመን በስልክ ቪዲዮ እናያለን። የዋልታው ባሕር እየሞቀ ስለሆነ፣ ሰዎች ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ በረዶው ላይ በማፍሰስ ሊያወፍሩት ይሞክራሉ ይላል።

«ባሕር ማቀዝቀዝ ይቻላል እንዴ?» አልኩት አብሮኝ የሚኖረውን ሰዒድን።

«ያላ፣ እንሞክረዋ! ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከራችን እንደሆነ ፈልቷል።»

እውነቱን ነው፤ በዚህ ሙቀት የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ እንኳ ሻይ ያፈላል። በረዶ በከረጢት ገዝተን በቀትር ጣሪያው ላይ ወጣንና ታንከሩ ውስጥ ዘረገፍነው። ሰዒድ እጁን ከቶ ጠበቀ። በረዶው ቀልጦ አለቀ፤ ውሃው ግን ያው ነው።

«ፀሐይዋ ናት» አልኩ።

«ፀሐይዋስ እሺ፣ ጀርባዬን የሚለበልበኝ ንፋስ ከየት መጣ?» ብሎ ዞረ።

ከኋላው የክፍላችን አየር ማቀዝቀዣ፣ የኤሲው ሞተር፣ ታንከሩ ላይ ሙቀቱን ይተፋል። ስንመለስ ክፍሉ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀን ብለን፣ ሳናጠፋው ነበር የወጣነው።