ስልሳ የብረት ሳህን

በሆስፒታሉ ወጥ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሳህን ያጠበችውን ሴት ሁሉም «ፏፏ» ይላታል። ከእጇ የወጣ ሳህን ፊት ያሳያል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የወጥ ቤቱ ኃላፊ በካርቶን የታጨቀ የፕላስቲክ ሳህንና ማንኪያ አስወርዶ፣ «እንኳን ደስ አለሽ! ከእንግዲህ ማጠብ ቀረ፤ በልቶ መጣል ብቻ ነው» አላት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቋል፣ ወገቧም አልታዘዝ ካላት ቆይቷል።

ደስታዋ ሳምንት አልሞላም። ማጠቢያው ሲዘጋ ቆሻሻ አውጪ አደረጓት። በቀን ሦስቴ እሷን የሚያክል ጥቁር ፌስታል እየጎተተች ጓሮ ትወስዳለች። በርሜሉ ሞልቶ ተርፏል። ነፋስ ሲነሳ ሳህኑ ግቢውን ይዞራል፤ ትለቅመዋለች፣ መልሶ ያመልጣታል። «ኧረ በሕግ አምላክ!» ትላለች፣ ሳህኑን።

«ጋሼ፣ የጓሮው ቦይ እየተደፈነ ነው» ብላ ለኃላፊው ነገረችው።

«ለጽዳት ክፍል ንገሪ።»

የጽዳት ክፍል አለቃዋ ደግሞ «ያመጣው ወጥ ቤት፣ የሚጨርሰውም ወጥ ቤት» አለቻት።

«እኔ ኳስ ነኝ እንዴ?» እያለች ተመለሰች።

ከወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ዕለት ዝናብ ጣለ። የተደፈነው ቦይ ውሃውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መለሰው። እዚያ የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት። ታጥቦ የተከመረው አንሶላ ሁሉ ጭቃ ጠጣ።

«እትዬ፣ ያንቺ ሳህን እኮ ነው ጉድ የሠራኝ!» አለች እህቷ፣ ባልዲ እንደያዘች።

ፏፏን ያንገበገባት ይሄ ነው። ያንቺ ሳህን! በሕይወቷ አንዲት ማንኪያ ጥላ አታውቅም።

በማግስቱ ምሳ ላይ፣ በወንዶች ክፍል፣ ትኩሱ ሾርባ ፕላስቲኩን አልፈስፍሶት የአንድ አዛውንት ጭን ላይ ተደፋ። ስትጠርግላቸው «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሏት።

ቅዳሜ ማንንም ሳታስፈቅድ ዕቃ ቤት ገባች። ከድሮዎቹ የብረት ሳህኖች ስልሳ ብቻ ቀርተዋል፤ ሌላው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አቧራቸውን አራግፋ አጠበቻቸው፤ የወንዶች ክፍል ምሳም በነሱ ቀረበ።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«ማን ሊያጥበው ነው?»

«እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያጥበው?»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የወንዶች ክፍል ሲስተር ግን «ሳህኖቹ ከዚህ ንቅንቅ አይሉም» ብላ ድርቅ ስላለች ስልሳዎቹ እዚያው ቀሩ። በሌሎቹ አምስት ክፍሎች አሁንም በፕላስቲክ ይበላል። የፏፏ ሥራ እጥፍ ሆነ፤ ጠዋት ታጥባለች፣ ከሰዓት ፌስታል ትጎትታለች።

«አሸነፍሽ እኮ፣ እትዬ» አለቻት እህቷ።

«ምኑን ነው ያሸነፍኩት? ጓሮውን አይተሽዋል?» አለችና አካፋዋን አንስታ ወደ ቦዩ ወረደች።