ለዘር ድንቹ የተጎዘጎዘ ቄጤማ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። የአዴን ነገር ግን ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

ሱሉልታ ውስጥ፣ የዘር ድንች በሚመረትበት የላስቲክ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። ድንቹ የሚበቅለው ያለ አፈር ነው። አሸዋና የቡና ገለባ ቀላቅለን በርሜል ውስጥ በእንፋሎት እንቀቅላለን፤ ሲበርድ መደቡ ላይ አፍስሰን፣ ከላብራቶሪ በጠርሙስ የሚመጡትን ቀጫጭን ችግኞች እንተክልበታለን። የሚወጣው ድንች የአውራ ጣት ጫፍ ቢያህል ነው፤ ግን በሽታ የለበትም።

የሰፈሩ ሰዎች በአጥር በኩል ያሾፉብን ነበር። «አሸዋ ቀቃዮች! ጨው እንዳትረሱ!»

«ኑ ቅመሱ፣ ለእናንተም ይተርፋል» ይሏቸዋል አዴ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ከሁላችን ትልቋ ስለነበሩ እንዲያ እንጠራቸዋለን። ማሳቸው አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገብቶበት፣ ድንቹ ሁለት ክረምት በቁሙ ደርቆባቸዋል። በሽታው ያልነካት አንዲት ቁራሽ መሬት ማዶ ቀርታቸው ነበር። ኃላፊያችን ምርቱ ሲደርስ ለሠራተኞችም ዘር እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። ባለቤታቸው ደግሞ «ዘንድሮ ዘር ካልተገኘ ለቤት ሠሪ እሸጣታለሁ» ብለዋል። አዴ እነዚያን ችግኞች እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚጠብቋቸው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ተረኛዋ እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ስገባ በመደቦቹ መካከል ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ በየመደቡ ጠርዝም ጥቂት ጥቂት ጣል ጣል ተደርጓል።

«አዴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እነሱስ ዓመት በዓል የላቸውም እንዴ? በባዶ ወለል ይዋሉ?»

ሳቅን። አፈር እንዳይገባ ተነግሮናል፤ ስለ ሣር ግን ማንም ምንም አላለንም።

ቄጤማውን የነቀሉት ከማሳቸው ግርጌ፣ ከቦዩ ዳር ነበር። ሥሩ ጭቃ ይዟል። ችግኞቹን ውኃ ባጠጣን ቁጥር ጭቃው እየታጠበ መደቡ ውስጥ ገባ።

ጥቅምት ሳይጋመስ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያሉት ችግኞች አረንጓዴ እንደሆኑ ጠወለጉ። ኃላፊው የአንዱን ግንድ ቆርጦ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። ከጫፉ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቁልቁል ወረደ። አጠውልጉ ገብቷል ማለት ነው።

«ያንን ቄጤማ ማን ነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ለበዓሉ ብዬ ነው።»

«ከየት?»

«ከማሳዬ ዳር።»

አልጮኸባቸውም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ችግኙን በሙሉ ነቅለን አቃጠልን፤ አሸዋውን ቀበርን። አዴም ማንም ሳያዛቸው አብረውን ነቀሉ። ሲያልቅ ኃላፊው ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ነገራቸው። ቁራሿ መሬትም ብዙ ሳትቆይ ተሸጠች፤ አሁን የብሎኬት አጥር ዞሮባታል።

በገና ሰሞን ሚኒባስ ስጠብቅ አገኘኋቸው፤ እጄን ይዘው ሰላም አሉኝ። ከስተዋል። አዲስ ችግኝ መትከላችንን ነገርኳቸው።

«እሁድ ቤት ልምጣ፣ አዴ?» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁና ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ።

«አትምጪ፣ ልጄ። የእኛን ጭቃ በጫማሽ ይዘሽ ችግኞቹ ዘንድ ትገቢያለሽ።»